«አላውቅም» ያልኳት ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ከሌሊት ተረኝነት ስመለስ እንቅልፍ እስኪወስደኝ አነባለሁ። አንድ ቀን ጠያቂ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የአምቡላንስ ባለሙያ ነኝ። ሥራው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ቃጠሎም የመኪና አደጋም አይቻለሁ። ከአምስት ሳምንት በፊት ከተማችንን ቶርኔዶ የሚሉት ኃይለኛ አዙሪት ነፋስ መታት። ነፋሱ የቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። በኋላ ባለሙያዎች መጥተው የተነቀለውን ጣራና የተጠማዘዘውን ምሰሶ እየመረመሩ ደረጃ ሦስት ነው አሉ። ከዜሮ እስከ አምስት በሚሄደው መለኪያ ይህ በሰዓት ከ220 እስከ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ፍጥነቱን የሚገምቱት ነፋሱን ለክተው ሳይሆን የሰባበረውን አይተው መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት።

ከተጠለልንበት ምድር ቤት ስንወጣ መንገዱ ጠፋብን። መዘጋቱስ ተዘግቷል፤ የባሰው ግን የምናውቀው ምልክት ሁሉ አለመኖሩ ነው። ጥግ ላይ የነበረው ትልቅ ዛፍ የለ፣ የመንገዱ ስም የተጻፈበት ምሰሶ የለ። ሾፌራችን በተወለደበት ሰፈር በስልክ ካርታ ሄደ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ ነው፤ የተሰነጠቀ እንጨት፣ እርጥብ አፈር፣ የሚያፈስ ጋዝ። በየመሃሉ አንዱ እጁን ያነሣና «ዝም በሉ!» ይላል። መጋዙ ይቆማል፣ ሞተር ይጠፋል፣ ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ከፍርስራሹ ሥር የሚያንኳኳ ካለ ለመስማት ነው። ከጩኸቱ ይልቅ ያ ጸጥታ ነው ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሁለት ሆነን በአንድ መንገድ ላይ ከሠላሳ በላይ ቁስለኛ ገጠመን። እንዲህ ሲሆን ካርድ እያሰርን ነው የምናልፈው፤ መራመድ ለሚችል አረንጓዴ፣ መቆየት ለሚችል ቢጫ፣ አሁኑኑ ለሚያስፈልገው ቀይ። ጥቁርም አለ። ግድግዳ የወደቀባቸው አንድ ትልቅ ሰው አገኘሁ፤ ሽበታም፣ ዳማ ሸሚዝ የለበሱ። አይተነፍሱም። አንገታቸውን ቀና አድርጌ የአየር መንገዳቸውን ከፈትኩ፣ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ጥቁሩን ካርድ እጃቸው ላይ አሰርኩና ተነሣሁ። ከመንገዱ ማዶ እግሯ የሚደማ ሴት ትጣራ ነበር፤ እሷ ተርፋለች። እኔን የሚበላኝ ግን ካርዱን ሳስር የነካሁት እጅ ነው። ሞቅ ያለ ነበር።

በማግስቱ ጀምሮ ሰው ጎረፈ። የሞተር መጋዙን ይዞ ከሩቅ የመጣ አለ። የራሱ ቤት ጣራ ተነቅሎ በእጅ ጋሪ ለጎረቤት ውኃ የሚያድል አየሁ። እኛ የጠየቅነው ጓንት፣ ሸራ፣ የቆሻሻ ከረጢትና ባትሪ ነበር። የመጣልን አሮጌ ልብስ ነው፣ ክምሩ የሰው ቁመት እስኪያልፍ። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ሁሉ ነበረበት። ሦስተኛው ቀን ዘነበበትና ሸተተ፤ እሱን ለመጣል ደግሞ ሌላ በጎ ፈቃደኛ ያስፈልግ ጀመር። ሰዉን ማማቴ አይደለም፤ እንዲያው ልናገረው ብዬ ነው።

ከሥራ ውጪ ያለውን ሰዓቴን እርዳታ ማከፋፈያው ላይ አሳልፋለሁ። አንዲት ልጅ አብራኝ ትሠራለች። ነፋስ የበተናቸውን ፎቶግራፎች ጭቃቸውን እየጠረገች ባለቤት እንዲያገኛቸው ጠረጴዛ ላይ ትደረድራለች። አንድ ቀን ጫማዬ ረጥቦ ስታይ ከዕቃው መሃል ደረቅ ካልሲ ፈልጋ አመጣችልኝ። በሌላ ቀን ከጠረጴዛው ላይ አንድ ፎቶ አንሥታ «አባቴ ነው፤ ያቺን ሰዓት አልተረፈም» አለችኝ። እሳቸው ናቸው። ዳማ ሸሚዛቸው ሳይቀር። ቀጥላም «ቀድመው የደረሱት የእናንተ ልጆች ናቸው አሉ። ማን እንደነበር ታውቃለህ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ጀግናችን» ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ እላለሁ። መሥሪያ ቤቱ ሁላችንን ክብ አስቀምጦ ያያችሁትን ተናገሩ አለን፤ እኔ ትቼ ወጣሁ። እንቅልፍ የለኝም። ካልሲውን አላደረግኩትም፤ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ያን ዕለት ክንዴን ስንጥር ቆርጦኝ ራሴ ጠቅልዬው ነበር፤ እሱም አሁንም ያዣል፣ ግን ይህ ቀላሉ ነው። ልንገራት ወይስ ሆድ ይፍጀው ልበል?

ካልሲውን ያላደረገው

*

ወንድሜ፣ አንቱ ብዬ ልርቅህ አልፈለግኩምና አንተ ልበልህ።

ከሁሉ በፊት ክንድህ። በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍከው ነገር እኔን ከወንበሬ አስነሥቶኛል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2011 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ጆፕሊን የምትባለውን ከተማ ደረጃ አምስት ቶርኔዶ መትቷት ከ150 በላይ ሰው ሞቷል። ከተረፉት ቁስለኞች መካከል 13ቱ አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ በቁስላቸው ገብቶ ታመሙ፤ አምስቱን ገደላቸው። ነፋሱ አፈሩንና ስንጥሩን ሥጋ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ያደርጋል፤ ላዩ የዳነ ቢመስልም ውስጡ ላይድን ይችላል። ያንተ እንዲያ ነው አላልኩም፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ሲያዥ የቆየ ቁስል ይዞ የመጣ ሰው ቢገጥምህ ምን ትለው እንደነበር ታውቃለህ። የቴታነስ ክትባትህንም ጠይቅ። ይህን ጋዜጣ አስቀምጠህ አሁን ሂድ፤ ቀሪውን ስትመለስ ታነበዋለህ።

ተመለስክ? ደግ። ስለ ሞቀው እጅ እናውራ።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የሆነች ወዳጄን ደብዳቤህን ስምህን ሸሽጌ አነበብኩላት። ሳልጨርስ አቋረጠችኝ። «የሰው ገላ ቶሎ አይቀዘቅዝም እኮ» አለች። በግርድፉ በሰዓት አንድ ዲግሪ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ነው የሚቀንሰው። ነፋሱ ካለፈ ገና ሰዓት ያልሞላው ሰው እጁ መሞቁ በሕይወት እንዳለ አይነግርህም። አየር መንገዱን ከፍተህ ጠብቀሃል፤ የማይተነፍስ ሰው ከተከፈተለት በኋላም ካልተነፈሰ ካርዱ ጥቁር ነው። ሌሎች ሠላሳ ሰዎች እየጠበቁ ባይሆን ኖሮ ደረቱ ላይ ተንበርክከህ ትሞክር ነበር። ያን ያህል ተደፍጥጦ ልቡ የቆመ ሰው ደግሞ አልጋና ሐኪም በሞላበት ክፍል ውስጥ እንኳ የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው ብላኛለች።

ይህን ሁሉ ከእኔ በፊት ታውቃለህ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራህበት ነው። ታዲያ ለምን አልጠቀመህም? እንደሚመስለኝ አንተ የፈራኸው መሳሳትህን አይደለም። ትክክል መሥራትህ ነው የከበደህ። አንድን ሰው ትቶ መሄድ ትክክል የሚሆንበት ሰዓት አለ፤ ግን ትክክል መሆኑ እጅህ የነካውን አያጥብልህም። ይህን ለማቅለል ብዙ መጻፍ እችል ነበር፣ አልጽፍም። ከባድ ነው፤ በቃ።

ስለ ልጅቷ ግን በግልጽ የምለው አለኝ። ባትጠይቅህ ኖሮ ዝም በል እልህ ነበር። የራስን ሸክም ለማቅለል ብሎ ሐዘንተኛ ላይ መጫን ኑዛዜ ይምሰል እንጂ ግፍ ነው። እሷ ግን ጠይቃሃለች። ጠይቃህም ዋሽተሃታል። ያለ ክፋት ዋሸህ፣ ማንም በዚያች ቅጽበት ይዋሻል፤ ቢሆንም ከተማዋ ትንሽ ናት፣ እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሁለት ነበራችሁ። ከሌላ አፍ ብትሰማው ካልሲ ያቀበለችህን ቀን ሁሉ መልሳ ትመረምረዋለች። ስለዚህ ንገራት።

አነጋገሩ ላይ እንቆይ፤ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው። ብቻህን ዘለህ አትግባ። መጀመሪያ አለቃህን አናግር፤ የታካሚ ምስጢር አለ፣ ለቤተሰብ ምን እንደሚነገርና በማን በኩል እንደሚነገር መሥሪያ ቤትህ ደንብ አለው። ምናልባት አብሮህ የሚቀመጥ ሰው ይመድቡልህ ይሆናል፤ እምቢ አትበል። ከዚያ ሰው በሚተራመስበት ማከፋፈያ አይሁን። የምትቀመጡበት፣ እሷም ስትፈልግ ተነሥታ የምትሄድበት ቦታ ይሁን። የምትጀምረው በውሸቱ ነው፦ «ያን ቀን ስትጠይቂኝ አላውቅም ብዬሻለሁ። አውቃለሁ። እኔ ነበርኩ።» ከዚህ በኋላ አፍህን ዝጋ። ደብዳቤህን ሳነብ ፈጥነህ ማስረዳት የምትወድ ሰው ትመስለኛለህ፤ ስለ ካርዱ ቀለም፣ ስለ ሠላሳው ቁስለኛ፣ ስለ ደንቡ ልትደረድርላት ነው። ተው። «ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብለህ ጠይቃት፣ የጠየቀችህን ብቻ መልስላት። አንዳንድ ሰው ሁሉን ይፈልጋል፤ አንዳንዱ አጠገቡ ሰው እንደነበር ብቻ። አንተ ነበርክ። ቀና አድርገህ ይዘሃቸዋል፣ ጠብቀሃቸዋል። ይህ እውነት ነው፤ ማሳመር አያስፈልገውም።

ይቅርታ እንድትሰጥህ አትጠብቅ። ልትቆጣ ትችላለች፤ «ለምን አልሞከርክም?» ብላ ልትጮህ ትችላለች። ያኔ ወዳጄ የነገረችኝን አትድገምላት። ቁጭ በልና ስማት።

«ጀግና» ስለሚሉህ ሰዎች። ለወትሮው «ከራስ በላይ ነፋስ» እንላለን። ነፋሱ እውነትም ከራስ በላይ የመጣ ዕለት ግን ጣራ የሌለው ሰው ለጎረቤቱ ውኃ ሲያድል አይተሃል። እነዚህ ሰዎች አንተን ጀግና ሲሉ የሥራ ምስክር ወረቀት እየጻፉልህ አይደለም፤ የተረፈ ሰው ምስጋናውን የሚያኖርበት ቦታ ይፈልጋል፣ የደንብ ልብስ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ እለፍ። አሮጌውን ልብስ የላከውም ያው እጁ ባዶ እንዳይሆን ብሎ ነው (አንባቢዎቼ፣ በሚቀጥለው ግን ከመላካችሁ በፊት ምን እንደሚፈለግ ጠይቁ፤ ካላወቃችሁም ገንዘብ ይሻላል። ባለ ተረከዝ ጫማ ለብሶ ፍርስራሽ የሚያነሣ የለም)።

ከክቡ ትተህ በመውጣትህ አትፈር። ከአደጋ በኋላ ሰውን አንዴ አስቀምጦ ያየውን ማናገር የኋላ ሕመምን እንደማይከላከል፣ አንዳንዱንም ሊያብስበት እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም ሰውን ያየውን እንዲያወራ አታስገድዱ ነው የሚለው። ግን ያንን ትቶ መውጣትና ምንም አለማድረግ ለየቅል ናቸው። ጸጥታው እየቀሰቀሰህ፣ ሰው ማየት እየሸሸህ ወር አልፎሃል። ከወር በኋላ ይህ በራሱ ይለቅቃል ተብሎ ዝም የሚባል አይደለም፤ በዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ጋር፣ ለብቻህ፣ ተከታታይ ቀጠሮ ያዝ። ለክንድህ በሄድክበት ቀን ቀጠሮውን አብረህ ጠይቅ። ካልሲውንም አድርገው፤ ልጅቷ የሰጠችህ እግርህ ስለረጠበ ነው።

አንድ ቀረኝ። ከጠየቀችህ የምትጠይቅህ ይመስለኛል፦ «ብዙ ተሰቃይቷል?» እዚህ ላይ ደግ ለመሆን ብለህ «ምንም አልተሰማቸውም» እንዳትል። ስትደርስ አይተነፍሱም ነበር፤ ከዚያ በፊት የሆነውን አላየህም። ይህንኑ ንገራት። «አላውቅም» በላት። አሁን እውነት ነው።