ማን ጠቆመዎት? ክሊኒክ ለከፈቱ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ሒሳባችንን የምትሠራልን ልጅ የዓመቱን ደረሰኞች በላስቲክ አስራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ለማስታወቂያ የወጣው ይኸው ነው፤ ምን እንዳመጣልን ግን እርስዎ ይንገሩኝ» አለችኝ። በዚህ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ስለ ጉልበትና ስለ ወገብ ስጠየቅ አልንተባተብም፤ ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ታካሚ ባስቀረባቸው ከሰዓቶች መልሱን ስፈልግ ያገኘሁትን፣ ያሳፈረኝንም ጭምር፣ እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ክሊኒካችን ካዛንቺስ ዳር ያለች፣ አራት የሕክምና አልጋ፣ ሦስት ባለሙያና አንዲት እንግዳ ተቀባይ ያላት ትንሽ ቤት ናት። የዓመቱ የማስታወቂያ ገንዘብ የሄደው ለፌስቡክና ለቲክቶክ ቡስት (የለጠፍነው ለብዙ ሰው እንዲታይ ለሚከፈለው)፣ ለበራሪ ወረቀት፣ ለታፔላ እድሳትና በአንድ የኤፍኤም ፕሮግራም መሐል ለተነበበ ማስታወቂያ ነው። ስለ ሬዲዮውና ስለ ወረቀቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሬዲዮ ሰምቶ የመጣ አንድም ሰው በመዝገባችን አልተገኘም፤ የተረፈው ወረቀትም ክረምቱን በራችን ላይ የጫማ መጥረጊያ ሆኖ አልቋል።

መዝገቡ «እንዴት አወቁን?» የሚል ዓምድ አለው። ዓመቱን ሙሉ መሞላቱን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ገልጬ ሳነበው ግን ገጹ ከላይ እስከ ታች «በሰው»፣ «በሰው»፣ «በሰው» ይላል። እንግዳ ተቀባያችንን መውቀስ አልችልም፤ ምን ብላ መጠየቅ እንዳለባት ያሳየኋት ቀን የለም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት ስልክ እየደወልን፣ «በሰው» የተባለው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቅን። አንዱን የላከው የአጥንት ሐኪም ነው፤ ሌላዋን እኛ ጋ ታክማ የዳነች ጎረቤቷ ናት፤ ሌሎቹ በእድር ድንኳን ሥር ስለ ወገብ ሕመም ሲወራ ሰምተው ነው የመጡት። ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ሰባት ሰዎች፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰባት ሰዎች፣ የአንድ የሰፈራችንን ወጌሻ ስም መጥራታቸው ነው።

ይህ ለምን እንዳስደነቀኝ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በዓመቱ ውስጥ ከፍተኛውን የቡስት ገንዘብ ያፈሰስንበት ቪዲዮ፣ እኔ ራሴ ነጭ ጋዋን ለብሼ «ወጌሻ ጋ አትሂዱ» የምልበት ነው። ብዙ ሰው አይቶታል፣ ብዙ ሰው በአስተያየት ተሰዳድቦበታል፤ እሱን አይቶ የመጣ ታካሚ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለዚያ ቪዲዮ ገንዘብ ስከፍል፣ ያ ሰው በነፃ ታካሚ ይልክልኝ ነበር። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድሁ። ቡና ተፈላ። «ደም ግፊት ጥሎት እጅና እግሩ የሰነፈበትን ሰው ባሸው ምን ይሆናል? የእኔ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እናንተ ጋ እልካለሁ» አሉኝ። ኮሚሽን አልጠየቁም፤ ቢጠይቁም የሙያችን ሥነ ምግባር ስለማይፈቅድ አልሰጥም ነበር፤ እናንተም ለወጌሻም ሆነ ለሐኪም አትስጡ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የላክኋቸው ሰዎች ቆመው ሄዱ ወይ? የነገረኝ የለም።» ለሐኪሞቹም ቢሆን የነገራቸው እንዳልነበረ ያኔ ትዝ አለኝ። ዛሬ ታካሚው ሕክምናውን ሲጨርስ፣ ፈቃዱን ጠይቀን፣ ለላከው ሐኪም ግማሽ ገጽ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ለወጌሻው ደግሞ ራሱ ታካሚው እንዲያመሰግናቸው እንነግረዋለን። ቪዲዮውን አውርጄዋለሁ። በተሰበረ አጥንት ላይ ስለሚደረግ ማሸት ያለኝ አቋም አልተለወጠም፤ የተናገርሁበት አነጋገር ግን የትዕቢት ነበር።

ቁጥር ስታነቡም ተጠንቀቁ። በጥቅምት አዲስ ታካሚ በድንገት ሲቀንስብን፣ ማስታወቂያው ደከመ ብለን ያለ ማመንታት የቡስቱን ገንዘብ ከፍ አደረግነው። በኋላ መዝገቡን ከአድራሻ ጋር ስናመሳክር ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሲዛወሩ፣ በእግራቸው ይመጡ የነበሩ አዛውንቶች ከከተማው ሌላ ጫፍ ሆነዋል። እኛ ግን ቡስቱን ያነጣጠርነው ሰው በለቀቀው ሰፈር ላይ ነበር! ከዚህ ሌላ የቀን አቆጣጠሩም ያሳስታል። የፌስቡክ ሪፖርት የሚመጣው በፈረንጆቹ ወር ነው፤ እነሱ ሴፕቴምበር ያሉት ከነሐሴ 26 ጀምሮ ጳጉሜን አልፎ እስከ መስከረም 20 ያለውን ነው፤ እኛ ግን ከመስከረም መዝገባችን ጋር እያስተያየን ስንከራከር ከርመናል። ቡስቱን የሚያደርጉልን ዶላር ካርድ ያላቸው ልጆች ስለሆኑና ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ ለገበያ ስለተተወ፣ የሁለቱን ዓመት ወጪ በብር ብቻ ማነፃፀርም ትርጉም የለውም፤ ከብሩ ጎን ዶላሩንም ጻፉ። የሐምሌንም ገቢ ከጥር ጋር አታወዳድሩ፤ ሐምሌን ከአምናው ሐምሌ ጋር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁስሌ ልምጣ። መዝገቡን የገለጥሁት የመጡትን ለመቁጠር ነበር፤ ያየሁት ግን የቀሩትን ነው። ለወገብ ሕመም አሥር ቀን ቀጠሮ ከያዙት ውስጥ ብዙዎቹ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀን በኋላ አልተመለሱም። ደውለን ስንጠይቅ፣ ገሚሶቹ «ሕመሙ ቀለል ሲልልኝ የዳንሁ መስሎኝ» አሉ፤ አንዳንዶቹ በታክሲ መንገላታቱን አልቻሉትም፤ አንዲት እናት ግን «ስቀር ማንም ስላልደወለልኝ፣ አልጋው ለሌላ ሰው ተፈልጎ መስሎኝ ነው» አሉኝ። አዲስ ሰው ለማምጣት በየወሩ ስንከፍል፣ በራችን የገባውን ሰው ለመያዝ የአንድ ስልክ ጥሪ ሒሳብ አላወጣንም። የቀረ ታካሚ ደግሞ አልዳነምና ለጎረቤቱ «ሄጄ ነበር፤ አልጠቀመኝም» ነው የሚለው። በእኛ ሥራ ማስታወቂያው የሚጀምረው ታካሚው ከበሩ ሲወጣ ነው ብዬ ያመንሁት በእነዚያ የስልክ ጥሪዎች ነው።

የማልሸሽገው አንድ ጥፋት አለ። በግራ ጎናቸው ስትሮክ የመታቸው አንዲት ታካሚ ከሦስት ወር በኋላ ያለ ድጋፍ ሲራመዱ ቀርጸን፣ ልጃቸው ስለፈቀደልን ቲክቶክ ላይ ለጠፍነው። በዓመቱ በብዛት የታየልን ይህ ነው። እሳቸውን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። በቤተ ክርስቲያን ግቢ አንዲት ሴት «በስልክ አየሁዎት፤ እግርዎ ተሻለዎት?» ስትላቸው ነው ያወቁት። ክሊኒክ መጥተው ወንበር ላይ ሳይቀመጡ «እኔ ሞቼ ነው ልጄን የጠየቃችሁት?» አሉኝ። ቪዲዮው በዚያው ሰዓት ወረደ፤ ይቅርታም ጠየቅሁ፤ እሳቸው ግን ተመልሰው አልመጡም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት ውስጥ መድቦታል፤ አዋጅ ባይኖርም ኖሮ ግን የሰውዬው እግር የሰውዬው ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ታካሚው ራሱ ነው፤ በጽሑፍ፣ የት እንደሚለጠፍ ተነግሮት፣ በፈለገ ጊዜ ማውረድ እንደሚችልም ታውቆ።

በ2018 በጀት የሬዲዮና የበራሪ ወረቀት ወጪ የለም። ቡስቱን ቀንሰን፣ ገንዘቡን አንድ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን ገላን ጉራ ድረስ ሄዶ ቤት ለቤት እንዲያክም ለትራንስፖርቱ አድርገነዋል፤ ያዋጣል አያዋጣም ገና አላየነውም። ቀጠሮ የቀረ ሰው በማግሥቱ ይደወልለታል። መዝገቡ ላይም ሁለት ዓምድ ጨምረናል፤ አንደኛው «በስንተኛው ቀን ቀሩ?» ሲል፣ ሁለተኛው «ማን ጠቆመዎት?» ይላል። ባለፈው ሰኞ አንድ አዛውንት ከዘራ ይዘው ሲመጡ፣ እንግዳ ተቀባያችን በዚህ ዓምድ ሥር የጻፈችውን አየሁት፦ «በልጃቸው። ልጃቸው በአማቷ። አማቷ በወጌሻው።»