አይዞህ ከማለታችን በፊት

ውድ ልጆቼ፣

31 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን «ሃፒ ጎ ላኪ» የሚል ፊልም አይቼ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፍላችሁ። እንግሊዛዊው ማይክ ሊ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ፊልም ነው። ሳሊ ሃውኪንስ ፖፒ የምትባል የለንደን አስተማሪ ሆና ትሠራለች። በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ተሸልማበታለች፤ ይገባታል።

ፖፒ ሳቂታ ናት። ገና ከጅምሩ ብስክሌቷ ይሰረቃል፤ እሷ ግን ሳንሰነባበት ተለያየን ብላ ታልፈዋለች። ብዙ ሰው የሚወድላት ይህን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሳቋን የምታቆምበት ቦታ ነው።

ከተማሪዎቿ አንዱ ልጆችን ይማታል። አትጮህበትም። «ሁሉም ይስተካከላል» ብላም አታባብለውም። ለኃላፊዋ ትነግራለች፤ ሶሻል ወርከር ይመጣል፤ ልጁን ቀስ ብለው ያናግሩታል። ለካስ ቤት ውስጥ የእናቱ ወዳጅ ይመታዋል። ያን ሲናገር የፖፒን ፊት እዩት። እኔ ሁለት ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ።

ደግ ስለሆነች ሁሉን ትታገሣለች ማለትም አይደለም። መኪና የሚያስተምራት ሰው በንዴት ሲጦፍ ቁልፉን ትይዝበታለች። ትሰማዋለች፣ ታዝንለታለች፣ ትምህርቱን ግን እዚያው ታቆማለች።

«ፖዘቲቭ ሁን» ስትባባሉ እሰማለሁ። ክፋት የለውም። ግን ሥራ ያጣ ጓደኛችሁ ብሶቱን ሳይጨርስ «አይዞህ» ስትሉት፣ አንዳንዴ ዝም በል ማለታችሁ ነው። ይህን የምለው ራሴ አድርጌው ስለማውቅ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ጉበታቸውን የታመሙ አንድ አባት ተኝተው ነበር። ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ስሰጣቸው «አይዞዎት አባባ፣ በቅርቡ ቤትዎ ይገባሉ» እላለሁ። ደግ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ምንም ሳይመልሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አንዲት አንጋፋ ሲስተር ይህን አየች። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ሌሊቱን እንዴት አደሩ?» አለቻቸው። ዝም አሉ። እሷም ዝም አለች። ቆይተው «ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው» አሉ።

ትራስ ደራርባ ቀና አድርጋ አስደገፈቻቸው። ለሐኪሙም ነገረችላቸው። ስንት ጠዋት አጠገባቸው ቆሜ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

በማግስቱ እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አባባ ስለ በሬዎቻቸው አጫወቱኝ።