ታስሮ ነው ወይስ ነክሶ? ለወጣት መካኒኮች

ውድ ወጣት የሙያ ልጆቼ፤

ከአርባ ዓመት በላይ በብረት ሥራ ቤት ኖሬ፣ አሁን የካሊፐሩን መስመር ያለ መነጽር ማንበብ ሲያቅተኝ ይህችን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ተቀምጫለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአሮጌ ትራፓኖ (ከመሰርሰሪያ ማሽን) ላይ አልወጣም ብሎ ስላስቸገረ ፑሌጃ (ቀበቶ የሚዞርበት መንኮራኩር)። ጉዳዩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ በዘመኔ ካየኋቸው የተሰበሩ ፑሌጃዎች አብዛኞቹ የተሰበሩት ሥራ ላይ እያሉ ሳይሆን በተፈቱበት ቀን ነው፤ ከነዚያም አንዱን የሰበርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

በየብረታ ብረት ቤቱ ጥግ የሚቆመውን ባለ ዓምድ ትራፓኖ ታውቁታላችሁ። የላይኛው ክዳን ሲነሣ ደረጃ ደረጃ ያላቸው ሁለት ፑሌጃዎች ይታያሉ፤ አንዱ በሞተሩ ዘንግ ላይ፣ ሌላው በመሰርሰሪያው ዘንግ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ቺንጊያዋን (ቀበቶዋን) ከደረጃ ወደ ደረጃ በማዛወርም ፍጥነቱ ይቀየራል። ሞተሩ ሲያረጅ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ተሸካሚ) መጮህ ይጀምራል። ኩሽኔታውን ለመለወጥ ሞተሩ መከፈት አለበት፤ ሞተሩን ለመክፈት ደግሞ አስቀድሞ ፑሌጃው መውጣት አለበት። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አለቃዬ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ «ሞተሩን ፈታተህ ጠብቀኝ» አሉኝ። እኔም ከፑሌጃው እምብርት (ዘንጉ ከሚገባበት መሃሉ) ላይ ጭንቅላት የሌላትን ማሰሪያ ብሎን በብሩጎላ (በባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ፈትቼ አወጣሁና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ፑሌጃው ግን ንቅንቅ አላለም። ባለ ሁለት እግር ማውጫ (ፑሌጃውን ይዞ የሚስብ መሣሪያ) አምጥቼ እግሮቹን በሰፊው ደረጃ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩና መካከለኛውን ብሎን ማጥበቅ ጀመርኩ። አላንቀሳቅስ ሲለኝ በመፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ አስገብቼ ጉልበቴን ጨመርኩበት። ጠርዙ እንደ ደረቀ ዳቦ ተገመሰ። አለቃዬ ሲመለሱ አልተቆጡኝም፤ መብራት አቀረቡና ብሎኗ በወጣችበት ቀዳዳ ውስጥ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፤ ከዚያም ብሩጎላውን ከእጄ ወስደው ከዚያችው ቀዳዳ ሁለተኛ ብሎን አወጡ። እኔ ያወጣኋት የላይኛዋ፣ የታችኛዋ እንዳትላላ የምትቆልፈው ብቻ ነበረች። የተገመሰው ፑሌጃ ከዚያ በኋላ በእጅ እየተወዘወዘ ወጣ። ዋጋው ከደመወዜ እንዳይቆረጥ አለቃዬ ስለ እኔ ተከራክረዋል፤ ውለታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ስለዚህ ማውጫውን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ፑሌጃ ታስሮ ነው ወይስ ነክሶ? የታሰረ ነገር ይፈታል፤ የነከሰ ነገር ይላቀቃል፤ የሁለቱ መንገድ ለየብቻ ነው። መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፤ በሦስት ፌዝ የሚሠራ ከሆነም ከቦርዱ አጥፉና ማንም እንዳይመልሰው አድርጉ። ከዚያ እምብርቱን በናፍጣና በብሩሽ አጽዱ፤ ምክንያቱም ለዓመታት የተጋገረ ግራሶና የብረት ፍቅፋቂ፣ አንዳንዴም ማሽኑን «ለማሳመር» የተቀባ ቀለም፣ የብሎኑን ቀዳዳ ደፍኖ እንዳልነበረ ያደርገዋል። ፑሌጃውን በእጃችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። ብዙ ጊዜ አንዷ ብሎን በዘንጉ ቦይ ውስጥ በምትተኛው ቁልፍ (ዘንጉና ፑሌጃው አብረው እንዲዞሩ በምታደርገው ትንሽ ብረት) ላይ ትጫናለች፤ ሌላዋ ደግሞ ዘጠና ዲግሪ ርቃ ባዶውን ዘንግ ትነክሳለች። በየቀዳዳው ውስጥ መብራት አብሩ። በብሎኗ ፋንታ የዘንጉን አንጸባራቂ ብረት እስካላያችሁ ድረስ ቀዳዳዋ ባዶ ናት አትበሉ።

ከዚያ ለኩ። በእኛ አገር ሥራ ቤቶች ብዙው መሣሪያ በጣልያንኛ ይጠራል፤ ካቻቢቴውም፣ ሞርሳውም፣ ኩሽኔታውም። ማሽኖቹ ግን ከየአገሩ ስለመጡ አንዱ በሚሊሜትር፣ ሌላው በኢንች የተሠራ ነው። የሦስት አራተኛ ኢንች ዘንግ 19.05 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሚሊሜትር ሞተሮች ደግሞ ልክ 19 ናቸው። የ19 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለውን ፑሌጃ በኢንቹ ዘንግ ላይ በመዶሻ ያስገባ ሰው፣ በአምስት መቶኛ ሚሊሜትር ልዩነት ለእናንተ የዓመታት ቂም አስቀምጦላችኋል። እንዲህ ያለው ዝገት የለበትም፤ ዘይት ብታጠጡትም ብዙ አይሰማም። ከማውጫና ከሙቀት በስተቀር መፍትሔ የለውም፤ ከወጣ በኋላም ቀዳዳው በቶርኖ (ብረት እያዞረ በሚቆርጠው ማሽን) ሳይስተካከል አትመልሱት።

አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚነክሰው ዝገት ነው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በዘንግና በቀዳዳ መካከል ያለችውን የፀጉር ያህል ክፍተት ሞልቶ እንደ ሽብልቅ ይወጥራታል። አሉሚኒየም ከብረት ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ እሱም ሥራው ያው ነው። ሌላው ነካሽ ራሷ ማሰሪያዋ ብሎን ናት፤ ጫፏ ዘንጉን ወግታ ዙሪያውን እንደ እሳተ ገሞራ አፍ ከፍ ታደርገዋለች፤ ፑሌጃው ሲወጣ ያ ከፍታ የቀዳዳውን ግድግዳ እየፋቀ ይይዘዋል።

ለዚህ ነው ፑሌጃውን ከመሳብ በፊት መግፋት ያለባችሁ። ይህን ስነግራቸው የሚስቁብኝ ልጆች ነበሩ። ከሞተሩ በኩል ቦታ ካለው፣ በእንጨት ወይም በናስ ቁራጭ አስደግፋችሁ እምብርቱን ወደ ውስጥ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ከተንቀሳቀሰ ዝገቱ ተሰብሯል ማለት ነው። ከውጭ የተገለጠውን የዘንግ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ዘይት ቀቡት፤ ከዚያ መልሳችሁ ሳቡት። በሄደበት መንገድ መመለስ ስለሚቀለው፣ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ታወጡታላችሁ።

ካልተንቀሳቀሰ ዝገት ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ዘይት በብሎኑ ቀዳዳና በሁለቱም ጎን አጠጡትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ደንበኛው ቆሞ ሲጠብቅ «እስከ ነገ» ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አዲስ ፑሌጃ ፍለጋ ምናለሽ ተራን ከመዞር አንድ ሌሊት መጠበቅ ይሻላል። በማግስቱ ማውጫውን ስታስሩ እግሮቹ ከእምብርቱ ሥር እንጂ ከጠርዙ ሥር እንዳያርፉ፤ እግሩ እዚያ የማይገባ ከሆነም ከኋላ ለሁለት የምትከፈል የብረት ሳህን አስገቡለት። በዘንጉ ጫፍና በማውጫው ብሎን መካከል ትንሽ የመዳብ ቁራጭ አድርጉ። እስኪወጠር ድረስ አጥብቁ፤ ከዚያ የማውጫውን ብሎን ራስ በመዶሻ አንድ ጊዜ ብቻ ቀለል አድርጋችሁ ምቱ፤ ጠብቁ፤ ጥቂት ጨምሩ። ሲላቀቅ «ቋ» ይላል። ያን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ከመሰበር ድምፅ ጋር አያምታታውም።

የዘንጉን ጫፍ ራሱን ግን በመዶሻ አትምቱ። ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተነጥፎ ይሰፋና ፑሌጃው በዚያ በኩል ዳግም አያልፍም፤ ምቱም በዘንጉ በኩል አልፎ ኩሽኔታውን ይጎዳል፤ የሞተሩ ክዳን ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ተሰባሪ ብረት) ከሆነ ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል።

እሳት የመጨረሻው ነው። ብረት በየዲግሪ ሴንቲግሬዱ ከሚሊዮን 12 እጅ ያህል ሲሰፋ፣ አሉሚኒየም 23 እጅ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ 19 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው የአሉሚኒየም ፑሌጃ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ቀዳዳው በ0.04 ሚሊሜትር ግድም ይሰፋል፤ ለብዙ ንክሻ ይህ ይበቃል። ጊዛ ግን ከዘንጉ ጋር እኩል ለማለት በሚቻል መጠን ስለሚሰፋ ዘንጉ ሳይሞቅ እምብርቱን ቶሎ አሙቆ ቶሎ መሳብ ያስፈልጋል። ዘይቱንና ናፍጣውን ሳትጠርጉ እሳት አታቅርቡ። የውሃ ጠብታ ጣል አድርጉበት፤ «ጭሽ» ብላ ከተነነች ይበቃዋል። አሉሚኒየም ሳይቀላ በ660 ዲግሪ የሚቀልጥ ነው፤ «ሲቀላ አቆማለሁ» ያለ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው የቀለጠ ፑሌጃ ነው። የሞተሩ ጥቅል ሽቦ መሸፈኛም የሚችለው ሙቀት ውስን ነው፤ በብዙ ሞተሮች 130 ወይም 155 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ በዘንጉ ሥር ጠቅልሉ።

ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው። ብሎኗ የወጋችውን ከፍታ በጥሩ ሞረድ አስተካክሉ፤ ቀዳዳውን አጽዱ፤ ዘንጉን ስስ ግራሶ ቀቡና ያለ መዶሻ በእጅ ገፍታችሁ አስገቡት። ሁለቱን ፑሌጃዎች በቀጥታ ማስመሪያ አሰልፉ፤ ካልተሰለፉ ቺንጊያዋ ጎኗን ትበላለች።

እኔ ሁለት ብሎን በአንድ ቀዳዳ ያለበትን ፑሌጃ መልሼ ስገጥም፣ ከቀዳዳው አጠገብ በቡሊኖ (በሹል የምልክት መምቻ) ሁለት ነጥብ እመታለሁ። ከእኔ በኋላ ክዳኑን የሚያነሣው ልጅ የነጥቦቹን ትርጉም ላያውቅ ይችላል፤ ቢሆንም መብራት አቅርቦ መመልከቱ አይቀርም።