አውራ ጣት ወፍራም ክር ሲያጣ

ዩኩሌሌ ለያዛችሁ ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት በጊታር እንጀራ የበላ ሰው ዩኩሌሌ፣ ያቺን ጊታር መሳይ ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ ሲያቀብሉት የሕፃን መጫወቻ የሰጡት ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። አንድ ተማሪዬ ከውጭ የመጣለትን ይዞ «ጋሼ፣ በጣት መደርደር ያስተምሩኝ» ቢለኝ የጊታሩን ትምህርት ሳልቀንስ ሳልጨምር ሰጠሁት፦ አውራ ጣት ለወፍራሙ ክር፣ የቀሩት ጣቶች ለቀጫጭኖቹ። ልጁ ሁለት ወር ለፋ። ዜማው ግን ተንጫጫ እንጂ አልሰክን አለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ጊታር ላይ ለአውራ ጣት የሚቀርበው የላይኛው ክር ወፍራም ድምፅ አለው። ዩኩሌሌ በተለመደው ቅኝቱ ከላይ ወደ ታች ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ነው። ከላይ ያለው 4ኛው ክር፣ ሶል፣ ቀጭን ነው፤ ከታችኛው ላ የሚያንሰው በአንድ ሙሉ ድምፅ ብቻ ነው። ከሁሉ ዝቅ የሚለው 3ኛው ክር፣ ዶ ነው። አውራ ጣታችሁ በጊታር ልማድ ባስ፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ፣ ፍለጋ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያገኘው የዜማውን ጎረቤት ነው። አንዳንዶች 4ኛውን ክር አውጥተው በወፍራም ሶል ይተኩታል። ኃጢአት አይደለም፤ እኔ ግን አልወደውም፤ ትንሽ ጊታር ከፈለጋችሁ ትንሽ ጊታር ግዙ።

መሣሪያው የሃዋይ ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል ማዴይራ ደሴት ሠራተኞችን የጫነች ራቨንስክራግ የተባለች መርከብ ሆኖሉሉ ደረሰች፤ ዩኩሌሌ የተወለደው እነዚያ ሰዎች ይዘውት ከመጡት ትንሽ ባለ ክር መሣሪያ ነው። ስሙን ብዙዎች «ዘላይ ቁንጫ» ብለው ይፈቱታል።

አሁን ወደ እጃችሁ። አውራ ጣት 4ኛውንና 3ኛውን ክር ይያዝ፣ ሌባ ጣት 2ኛውን፣ የመሃል ጣት 1ኛውን። ክሩን ወደ ውጭ አትንጠቁት፤ ወደ መዳፋችሁ አቅጣጫ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። አንገቱ ከሣጥኑ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ስትደረድሩ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ወደ ክሮቹ ማሠሪያ በቀረባችሁ ቁጥር ይደርቃል።

ከዚያ ምንም ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት መስመሮች የተከፈለ የጣት ቦታ) ሳትጫኑ አራቱን ክሮች ከዝቅተኛው ድምፅ ወደ ከፍተኛው አንድ በአንድ ንኩ። ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ትዝታ ሜጀር ከተባለው ቅኝት አምስት ድምፆች አራቱ ተቃኝተው ተቀምጠዋል! የጎደለው ሬ ብቻ ነው፤ እሱም 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ አለ። ይህን ያየሁ ቀን፣ ባልደብቃችሁ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ዶንና ሬን አውራ ጣት በ3ኛው ክር፣ ሚን ሌባ ጣት በ2ኛው ይንካ። ሶል ላይ የጊታር ሰው በዚያው በ2ኛው ክር ወደ 3ኛው ፍሬት ይወጣል። ሶልን ያገኛል፤ ሚን ግን ይገድላታል፤ ሁለቱ የሚጋሩት አንድ ክር ነውና። እናንተ አውራ ጣታችሁን ወደ 4ኛው ክር መልሱና ክፍቱን፣ ፍሬት ያልተጫነበትን፣ ሶል ንኩ፣ ከዚያ ላን በመሃል ጣት። ሚ ገና እያስተጋባች ሶል ይደረብባታል፣ በሶል ላይ ላ።

ክራር ሲደረደር የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ክር ስላለው የቀደመው ሳይሞት ተከታዩ ይመጣል። በምዕራቡ ዓለም ይህን አደራደር ካምፓኔላ ይሉታል፤ በጣሊያንኛ ትንሽ ደወል ማለት ነው። አንቺሆዬ የተባለው ቅኝት ግን እንዲህ በነፃ አይገኝም፤ ግራ እጃችሁ ይደክምበታል። እሱን ለኋላ አቆዩት።

መጀመሪያ በጣም በዝግታ ደርድሩ፤ ልትሰሙት ከምትፈልጉት ፍጥነት በግማሽ። አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ መደረቡን ጆሯችሁ ሳያረጋግጥ አትፍጠኑ።

ያን ተማሪዬን ጠርቼ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የሁለት ወሩን ልማድ ለማስረሳት ሦስት ወር ፈጀብን። አሁን አውራ ጣቱ ባስ አይፈልግም። ሬ ላይ ብቻ የግራ ጣቱን ቶሎ ያነሳል፤ ላ እስኪደርስ ተጭኖ መቆየት አለበት። እሱን እያረምን ነው።