ጠመንጃ ከመግዛትህ በፊት የዶሮ ቤትህን ጣሪያ እይ

ወንድሜ ሰላም ላንተ ይሁን። ጅማ ዞን ሰቃ ጨቆርሳ ያለው መሬትህ ላይ በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ዶሮና ሁለት ግልገል ቀበሮ ጨረሰብኝ ብለሃል። እንግሊዞች በገጠር በሾትጋን (እርሳስ በሚበትን የአደን ጠመንጃ) ሲጥሉት ቪዲዮ አይተህ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ፣ ምን ዓይነት ጥይት ይሻለኛል ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ሰርቦ አካባቢ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በግና ዶሮ ይዣለሁ፤ በሾትጋን ሲሞከርም አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ቪዲዮው ላይ ያየኸው እንስሳ እኛ ዘንድ የለም። ጅማ ዙሪያ ቀበሮ የምንለው፣ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ጄዳላ የሚሉት፣ መካከለኛ ውሻ የሚያህል ግራጫማ እንስሳ ነው። ጠጉሩ ቀላ ያለውን ሁሉ ቀይ ቀበሮ የሚል ሰውም አለ። ቀይ ቀበሮ ግን የባሌ፣ የሰሜን ተራሮች፣ የአርሲና የመንዝ ደጋ እንስሳ ነው፤ በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ አምስት መቶ ገደማ ነው፤ ቡናችን ውስጥ አይገባም። ሕጉም ከእንግሊዙ ይለያል። እኛ አገር ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስከስሳል። ስለዚህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ቀበሌህንና የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አነጋግር። ዶሮ ስለጠፋብህ ብቻ ተነስተህ መተኮስ አትችልም።

አሁን የራሴን ልንገርህ። በ2007 ዓ.ም. በሦስት ሳምንት ዘጠኝ ዶሮ ጎደለብኝ። ከዘጠኙ አምስቱ እዚያው ዶሮ ቤት ውስጥ ሞተው ነው የተገኙት፤ የተወሰዱት አራት ብቻ ነበሩ። ይህ ነገር ያኔ ሊያነቃን ይገባ ነበር። ግን ማታ ማታ ከቡናው ዳር ቀበሮ ሲጮህ እንሰማ ስለነበር ሌላ ጥፋተኛ መፈለግ አልታሰበንም። ጎረቤቴ ፈቃድ ያለው ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትጋን ነበረውና ጨረቃዋ ሙሉ በሆነችበት ምሽት ዋንዛው ሥር ተቀመጥን። ከሦስት ሰዓት በኋላ ቀበሮ ከእንሰቱ ጀርባ ብቅ አለ። ጎረቤቴ ተኮሰ። እንስሳው ወደቀ፣ ተነሳ፣ እያነከሰ ቡናው ውስጥ ገባ። በባትሪ ስንፈልግ አድረን አጣነው።

ጠዋት ርቀቱን በእግሬ ስለካው ሃምሳ ስድስት እርምጃ ሆነ። በአራተኛው ቀን ሽታው መራን። ሆዷ ላይ የተመታች ሴት ነበረች፤ ጡቷ ወተት ይዟል። ቡችሎቿ የት እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያንን እንስሳ እንዲያ ማሰቃየታችን አሁንም ያመኛል።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ሌላ ሁለት ዶሮ አንገታቸውን ተነክሰው ሞተው አደሩ። ያን ጊዜ ነው መሰላል አምጥቼ የወጣሁት። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል እጄ የሚገባበት ክፍተት አለ፤ የምርጊቱ ጫፍ ላይ ደቃቅ የጥፍር ጭረት ተሰልፏል። ሽለምጥማጥ ነበር። ክፍተቱን በዶሮ ሽቦ ደፍኜ፣ በሚስማር መትቼ፣ በጭቃ አለሰንኩት። ከዚያ ወዲህ በሌሊት አንድም ዶሮ አልጎደለብኝም።

ስለ ሾትጋኑ ለጠየቅኸው ደግሞ በቀጥታ ልመልስ። ሾትጋን የቅርብ መሣሪያ ነው። ብዙ የእርሳስ ፍንጣሪ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ፍንጣሪው በሄደ ቁጥር ይበተናል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ቀበሮ በሚያህል እንስሳ ላይ ከሠላሳ፣ ቢበዛ ከሠላሳ አምስት ሜትር ካለፈ መግደሉን ትቶ ማቁሰል ይጀምራል። ለወፍ የሚሆነው ደቃቅ እርሳስ በዚህ ርቀት እንኳ ቆዳ ሥር ይቀራል። ትልቁ እርሳስ ይገድላል፤ ነገር ግን ፍንጣሪው ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ሲበተን በመካከሉ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ የሳተውም ብዙ መቶ ሜትር ይበራል። መሣሪያው የት ድረስ አጠጋግቶ እንደሚመታ ለማወቅ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ሰፊ ካርቶን አቁመው፣ ርቀቱን በሜትር ለክተው ይሞክሩታል። ጎረቤቴ አንድም ቀን አልሞከረውም ነበር። ጨረቃ ደግሞ ርቀትን ታሳስታለች፤ እኛ ያን ምሽት ሠላሳ እርምጃ ነው ብለን ነበር።

የእኛ መሬት እንደ እንግሊዝ ሜዳ ገላጣ አይደለም። ቡናው ውስጥ ሰው አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ስለሆነ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሴቶችና ልጆች ቅርጫት ይዘው ከዛፉ ሥር ናቸው፤ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ስላለ በሃያ ሜትር ሰው አይታይም። በሌሊት በባትሪ የሚያበራ ዓይን ስታይ ደግሞ የቀበሮ ይሁን የጎረቤት ውሻ ወይም የጥጃ መለየት አትችልም። ከእንስሳው ጀርባ አፈር የሞላበት ዳገት ከሌለ ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን መተኮስ የለበትም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አንዱን ብትገድል እንኳ ቦታው ባዶ አይቀርም። ቀበሮ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አገር ይዞ የሚኖር ነው፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይገባል። የያዘውም ቢሆን በቆሎህን የሚያጠፋውን አይጥ ይበላልሃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማን እንደሆነ እወቅ። ቀበሮ ዶሮውን አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ላባው በመስመር ተንጠባጥቦ ወደ ቁጥቋጦ ይመራሃል፣ ዱካው ላይም እንደ ውሻ የጥፍር ምልክት አለ። በአንድ ሌሊት ብዙ ገድሎ ትቶ የሚሄድ፣ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ ሽለምጥማጥ ነው። በቀን ጫጩት ከጠፋና ላባ በአንድ ቦታ ተከምሮ ካገኘህ ጭልፊት ነው። አንድ ቦታ ላይ የተከማቸ፣ የቡና ፍሬ የተቀላቀለበት ኩስ ካየህ ደግሞ ጥርኝ ነው፤ ጥርኝ በዞናችን ስንት ገበሬ ለዝባዱ ሲል የሚያኖረው እንስሳ ነው፣ እባክህ እሱን አትንካ።

ሁለቱ ግልገሎች የቀበሮ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ። የወለደች በግ የእንግዴ ልጁን ሜዳ ላይ ትታ ከሆነ ሽታው ጠርቶት ይሆናል። እኔ እንግዴ ልጅና የሞተ ከብት በጥልቅ ጉድጓድ ነው የምቀብረው፤ ግልገሎችንም ሦስት ሳምንት እስኪሞላቸው ከበረት አላወጣም። በአረፋና በፋሲካ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ አንጀትና ጨጓራ መንገድ ዳር ስለሚጥል ቀበሮም ጅብም ወደ ቤት ይለምዳል፤ ያን ሰሞን ጎረቤቶችህን አነጋግር። የዶሮ ቤቱ በር ከመግሪብ በፊት ይዘጋ። ሽቦውን ደግሞ ከመሬት በታች ሁለት ስንዝር ያህል ቅበረው፣ ቀበሮ ይቆፍራልና። ቀዳዳ ስትፈልግ ማታ ውስጥ ገብተህ ባትሪ አብራና ሌላ ሰው ከውጭ ይይ፤ ብርሃን በሚወጣበት ሁሉ ሽለምጥማጥ ይገባል።

መርዝ የሚመክርህ ሰው ካለ አትስማው። አንድ ሰው ሥጋ መርዞ ሜዳ ላይ ጣለ፤ የእኔን ውሻ ጨምሮ ሦስት የሰፈር ውሾች ሞቱ፣ ቀበሮው ግን በማግሥቱም ጮኸ።

በቀን ብርሃን ሰው ሳይፈራ የሚመጣ፣ የሚንገዳገድ ወይም ምራቁን የሚያዝረበርብ ቀበሮ ካየህ ግን ራስህ አትጠጋው፣ ልጆችን አስገባና ለቀበሌው ንገር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሰው ከነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ነገ አይባልም።

ዶሮ የጠፋበትን ቦታ ነገ ጠዋት ሳይረገጥ እየው። ዱካ ካገኘህ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጥና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የላባውንም የጣሪያውንም ጨምር። አይቼ የማን እንደሚመስለኝ እነግርሃለሁ።