ለእናቴ «የነርስነት ማስተርስ ነው» ልበላት?

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ ሐዋሳ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ።

በክፍላችን የሚተኙት አብዛኞቹ የጉበት፣ የኩላሊትና የካንሰር ሕመምተኞች ናቸው። ከገጠር መጥተው፣ አስታማሚያቸው የመድኃኒት ብር ፍለጋ ሄዶባቸው፣ ሌሊቱን ብቻቸውን የሚያነጉ ብዙ አሉ። ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት «ልጄ፣ መርፌውን ተይውና ትንሽ አጠገቤ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። የምናገረው ግን ጠፋኝ። ከጎናቸው የተኛው ሰው ግሉኮሱ አልቆበት ሲጣራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰበብ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ተነሣሁ።

በስልኬ የተመስጦ ትምህርት መከታተል የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። መጀመሪያ ከሌሊት ተረኝነት በኋላ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነበር። ቀስ በቀስ ትንፋሼን እየተከተልኩ ዝም ብሎ መቀመጥን ለመድኩ፤ ስለ ቡድሃ አስተምህሮም ማንበብ ጀመርኩ። አሁን ካሊፎርኒያ ለሚገኝ አንድ የቡድሂስት ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ እየሞላሁ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱ ፍልስፍናውን፣ ተመስጦውንና የሕሙማን መንፈሳዊ አገልግሎትን አጣምሮ የያዘ ሲሆን ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ጭንቀቴ እናቴ ናት። የወሩን ገብርኤል ሳትሳለም አትውልም፤ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛም ናት። እኔም ጾም አልሽርም፤ ማዕተቤም አንገቴ ላይ ነው። «ልጅቷ ጣዖት ልታመልክ ሄደች» የሚል ወሬ ዕድሩ ውስጥ ከገባ እናቴ ቀና ብላ መሄድ ያቅታታል። የታናሽ ወንድሜን የኮሌጅ ክፍያ የምሸፍነውም እኔ ነኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የነርስነት ማስተርስ ነው በያት፤ ማን ያጣራል?» ትለኛለች። ልዋሻት? ወይስ ነገሩን እርግፍ አድርጌ ልተወው?

ማመልከቻው ደግሞ «መንፈሳዊ መምህርዎ ማን ነው?» ይላል። ስልኬ ነው ልበል?

ተረኛዋ፣ ከሐዋሳ

ውድ እኅቴ፣

የመጨረሻው ጥያቄሽ አስቆኛል፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ግን እሱ ነው። ለእናትሽ ምን እንደምትነግሪያት የሚወስነው በዚያ ባዶ ቦታ የምትጽፊው መልስ ስለሆነ ከእሱ እንነሣ።

በአንድ ዲግሪ ስም ሦስት ለየቅል የሆኑ ነገሮች ቀርበውልሻል። ተመስጦውን ለመማር ዲግሪ አያስፈልግም። በመምህር ጎኤንካ ስም የሚታወቁት፣ ቪፓሳና የተባሉ የተመስጦ ሥልጠናዎች በብዙ አገሮች ይሰጣሉ፤ 10 ቀን ይፈጃሉ፤ ክፍያ የላቸውም፤ የፈጸመ ሰው ከወደደ እንደ አቅሙ ይለግሳል። ስልክሽን አስረክበሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ የምትቀመጪበት ነው። ሃይማኖታዊ መልኩን ትቶ ለሆስፒታል የተዘጋጀም አለ፤ ጆን ካባት-ዚን በ1979 (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የ8 ሳምንት ሥልጠና። ለዚህ ብቻ ከሆነ ሦስት ዓመት ከአገር መውጣት ብክነት ነው።

ፍልስፍናው ሌላ ነው። እሱ የምር ዩኒቨርሲቲ ይፈልጋል፤ ፓሊ ወይም ሳንስክሪት የተባሉትን የህንድ ጥንታዊ ቋንቋዎች መማርን፣ ናጋርጁናን የመሰለ የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ «ምንም ነገር በራሱ የቆመ አይደለም» ሲል ማስረጃውን እግር በእግር መከታተልን ይጠይቃል። ለዚህም ቢሆን የግድ አሜሪካ አትሄጂም። በህንድ ቢሃር ግዛት፣ በጥንታዊቷ የቡድሂስት የትምህርት ማዕከል በናላንዳ ስም የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ በ2014 ተማሪ መቀበል ጀምሯል፤ በቡድሂዝም ጥናት፣ በፍልስፍናና በንጽጽራዊ ሃይማኖት የሁለት ዓመት ማስተርስ ይሰጣል። የህንድ መንግሥት ለአፍሪካ ተማሪዎች የሚሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድልም አለና እዚያ በኩል ብታንኳኪ አይከፋም። ስሪ ላንካ ውስጥም የኬላኒያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መስክ ስመ ጥር ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ማዕተብሽን አውልቂ የሚልሽ አይኖርም። ይሁን እንጂ ክፍል ውስጥ ገና ከመግባትሽ የሚጠብቅሽ ትምህርት «ነፍስ የሚባል ቋሚ ነገር የለም» የሚል ነው። እናትሽ ለነፍስሽ ስትጸልይ አንቺ ለፈተና የምታጠኚው ይህንን ይሆናል። ችዬ እይዘዋለሁ ካልሽ ጥሩ፤ ሳታውቂው መሄድ ግን የለብሽም።

ሦስተኛው፣ አገልግሎቱ፣ የጉዳዩ ቋጠሮ ነው። በአሜሪካ ይህን የሚያስተምሩ ተቋማት አሉ፤ ኮሎራዶ ውስጥ ናሮፓ ዩኒቨርሲቲ በ1974፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ዌስት በ1991 ተቋቁመዋል። ዲግሪው ግን ብቻውን ሥራ አያስገባም። እዚያ አገር ሙሉ ማረጋገጫ ያለው የሆስፒታል መንፈሳዊ አገልጋይ ለመሆን ከክፍል ትምህርቱ በተጨማሪ አራት ዙር ክትትል ያለው የአልጋ ዳር ልምምድ ይጠየቃል፤ አንዱ ዙር 400 ሰዓት ነው፣ በድምሩ 1,600 ሰዓት። በዚህ በኩል አልሰጋልሽም፤ ነርስ ነሽ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ የሃይማኖት ማኅበረሰብ «ይህች ሴት የእኛ ናት፤ በእኛ ስም ታገልግል» ብሎ መፈረም አለበት። ማመልከቻው ስለ መምህርሽ የሚጠይቀው ለወግ አይደለም። ስልክ ደግሞ አይፈርምም።

እንግዲህ ጾም የማትሽር ክርስቲያን ሆነሽ ሳለ ቡድሂስቶች እንዲፈርሙልሽ ልትጠይቂ ነው? ብትቀየሪ መብትሽ ነው፤ ለእኔም ሆነ ለዕድሩ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም። ነገር ግን ደብዳቤሽ መቀየርን አያወራም። የሚያወራው አዛውንቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚሉት ስለማጣት ነው። ሕመምተኞቹን ከደብዳቤሽ ባወጣቸው ስንት መስመር ይተርፍ ነበር?

ደግሞ ተመልሰሽ ሐዋሳ ብትመጪ የት ትቀጠሪያለሽ? በእኛ ሆስፒታሎች ቄሱ መስቀልና ጸበል ይዘው፣ ፓስተሩና ሼኩም በየፊናቸው ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ «መንፈሳዊ አገልጋይ» የሚባል የደመወዝ መደብ እስካሁን አላየሁም። እዚያው ልቅር ካልሽም የተማሪ ቪዛ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ማሳየትን ይጠይቃል፤ ትምህርት ላይ እያለሽ በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራትም አይፈቀድም። የወንድምሽ ክፍያ ከዚያ አይወጣም።

የባልደረባሽን ምክር አልወደድኩትም። «የነርስነት ማስተርስ» ያልሻት እናት ለማኅበርተኞቿ በኩራት ትናገራለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንቺን ውሸት እሷ ተሸክማ ትዞራለች ማለት ነው። እውነቱ የወጣ ቀን የምታፍረው በቡድሃ አይደለም። ንገሪያት፤ ግን በዓውደ ዓመት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት አይሁን። ከፈቀደች የነፍስ አባቷም ባሉበት ይሁን፤ አስተዋይ አባት ከሆኑ ከምትገምቺው በላይ ይረዱሽ ይሆናል።

ለወጉ ያህል፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ እንባቆም በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበርለዓምና የይዋሴፍ ታሪክ አለ። በቤተ መንግሥት ተከልሎ ያደገ የህንድ ንጉሥ ልጅ በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ፣ ሞት እንዳለም ተረድቶ ዙፋኑን ይተዋል። ሊቃውንት እንደሚስማሙበት የታሪኩ ሥር የቡድሃ ሕይወት ነው፤ በብዙ ቋንቋ እየተንከባለለ ሲመጣ ልዑሉ ክርስቲያን ሆኖ እኛ ዘንድ ደረሰ። ይህን ለእናትሽ መከራከሪያ እንዳታደርጊው አደራ፤ ይዋሴፍ ያመነው በክርስቶስ ነው ብላ ትረታሻለች፤ ልክም ናት። ነገር ግን በሽተኛ ሲያይ መተኛት ያቃተውን ሰው ታሪክ ገዳሞቻችን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲያነቡት እንደኖሩ ማወቅሽ ብቸኝነትሽን ሳያቀልልሽ አይቀርም።

የእኔ ሐሳብ ይኸውልሽ። ካምፓላ ውስጥ ከ1993 ጀምሮ የሚሠራ ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ የሚባል ድርጅት አለ፤ ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ ተቋም አቋቁሞ የሕመም ማስታገሻ እንክብካቤን ያስተምራል። ኡጋንዳ በ2004 ሕጓን አሻሽላ በዚህ ዘርፍ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን የተባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ለሕመምተኛ እንዲያዝዙ የፈቀደች አገር ናት። ከሥቃይ ማስታገስ ጎን ለጎን ከሚሞት ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩም እዚያ ትማሪያለሽ። ለእናትሽም ሳትሸሽጊ ልትነግሪያት የምትችዪው ነው። ተመስጦሽን የሚከለክልሽ የለም፤ የዓመት ፈቃድ ስታገኚ የ10 ቀኑን ሥልጠና ሞክሪው። ከዚያ ወጥተሽም ፍልስፍናው ካልለቀቀሽ ናላንዳ አትሸሽም።

ካሊፎርኒያን አሁንም የምትፈልጊው ከሆነ ለትምህርት ክፍሉ ሁለት ጥያቄ ላኪ፤ ቡድሂስት ያልሆነ ምሩቅ የማኅበረሰብ ማረጋገጫ ከየት ያገኛል? ከአፍሪካ ለሚመጣ ተማሪስ ከክፍያው ምን ያህሉን ትሸፍናላችሁ? መልሱ በጽሑፍ እጅሽ ሳይገባ የማመልከቻ ክፍያውን እንዳትልኪ።