እጄ ከማውስ አልላቀቅ አለ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንደምን ከረሙ። እኔ አንድ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነው የምሰራው፣ 14 ዓመት ሆኖኛል። ዘንድሮ አንዲት ልጅ ተቀጥራ አጠገቤ ተቀመጠች እና ማውስ የሚባል ነገር አትነካም፣ እኔ የ300 ሰው ፔሮል (የደመወዝ ዝርዝር) እየጎተትኩ ግማሽ ሳልደርስ እሷ ጨርሳ ሌላ ስራ ይዛለች። አለቃችን ደግሞ ሰው ፊት "ከእሷ ተማሪ" አለኝ፣ በጣም ነው ቅር ያለኝ። ከዛ የኤክሴል ሾርትከት፣ ማለትም በማውስ ፋንታ የሚጫኑ የኪቦርድ አቋራጮች ዝርዝር አውርጄ ፕሪንት አድርጌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፣ ከ200 በላይ ነው፣ ገና ሳየው ይደክመኛል። ማታ ማታ ደግሞ የቀኝ እጄ አንጓ ያመኛል። እውነት ኪቦርድ ያን ያህል ለውጥ አለው ወይስ እኔ ነኝ ጊዜ ያለፈብኝ? ከመርካቶ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት ከግድግዳው አንሺው። 200 ሾርትከት በቃሉ የያዘ ሰው እኔ አላውቅም፣ ያቺን ልጅ ብትጠይቂያትም በየቀኑ የምትጠቀመው አስር አስራ አምስት ቢሆን ነው።

ጊዜ አልፎብኝ ነው ወይ ላልሽው ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በእንዲህ አይነት ሰንጠረዥ ሂሳብ መስራት ሲጀመር በማውስ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1979 ለአፕል ሁለት ኮምፒውተር የወጣው ቪዚካልክ፣ ከዛ በ1983 የመጣው ሎተስ 1-2-3 ሁሉም ነገር በኪቦርድ ነበር፣ ሎተስ ላይ ስላሽ ስትጫኚ ሜኑው ይከፈታል። ኤክሴል ራሱ በ1985 ለመጀመሪያ ጊዜ ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲወጣ ግን በማውስም ይሰራ ነበር። ዛሬም ኤክሴል ላይ ስላሽ ብትጫኚ ከላይ ያለው ሜኑ ላይ ፊደሎች ብቅ ይላሉ፣ ከሎተስ ለመጡ ሰዎች ተብሎ የቀረ ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ አዲስ ነገር አላመጣችም፣ የድሮውን ነው የያዘችው።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ሾርትከት ሲባል ፍጥነት ብቻ ይመስለዋል፣ እኔ ግን በጣም የምፈራው ስህተቱን ነው። ድሮ በምሰራበት ቦታ የ180 ሰው ደመወዝ እሰራ ነበር እና የጡረታውን ፎርሙላ በማውስ ይዤ ወደ ታች ስጎትት፣ እንደምታውቂው ስክሪኑ መጨረሻ ላይ ስትደርሺ ሺቱ ብቻውን ይሮጣል፣ ስመልሰው ስለቀው ዘጠኝ ሰው ከታች ቀረ። ድምሩ ደግሞ ቁጥር ስላለው ሙሉ ይመስላል። የዘጠኝ ሰው 7 ፐርሰንትም የአሰሪው 11 ፐርሰንትም ሳይቆጠር ሰነዱ ሊወጣ ሲል ነው የያዝኩት፣ ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

እና በኪቦርድ እንዲህ ነው የሚሰራው፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ገብተሽ ሞክሪው። ደመወዙ ሲ ኮለም (ዓምድ) ላይ ነው እንበል፣ 7 ፐርሰንቱን ኤች1 ላይ ጻፊው። ዲ2 ላይ ሆነሽ እኩል ይሆናል ብለሽ ሲ2 ሲባዛ በኤች1 ስትጽፊ፣ ኤች1 የሚለው ላይ እንዳለሽ ኤፍ4 ተጫኚ፣ የዶላር ምልክት ይገባበታል፣ ያ ማለት ፎርሙላው ወደ ታች ሲወርድ ኤች1 ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ነው። ኢንተር በይ። ከዛ ሲ2 ላይ ሂጂ እና ኮንትሮል ከታች ቀስት፣ መጨረሻው ሰው ላይ ቁጭ ትያለሽ። አንዴ የቀኝ ቀስት፣ ዲ ኮለም ላይ ነሽ። ኮንትሮል ሺፍት ከላይ ቀስት፣ እስከ ዲ2 ድረስ ይመረጥልሻል። ኮንትሮል ዲ በይ፣ ፎርሙላው እስከ ታች ይሞላል። አለቀ፣ 300 ይሁን 3000 ሰው ለእጅሽ ያው ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፣ ኮንትሮልና ቀስት ባዶ ሴል (ሳጥን) ሲያገኝ ይቆማል። 301ኛው ረድፍ መድረስ ሲገባሽ 87 ላይ ከቆመ አትናደጂ፣ እንዲያውም 88 ላይ ደመወዙ ያልተሞላ ሰው አለ እያለሽ ነው፣ በማውስ ስትጎትቺ ግን ዝም ብለሽ ታልፊው ነበር። 1,048,576 የሚል ቁጥር ላይ ከደረስሽ ደግሞ የሺቱ ወለል ነው፣ ኮንትሮል ሆም ብለሽ ተመለሺ።

ግን ማውስን ጣይው እያልኩሽ አይደለም። ችግሩ መጎተቱ ነው እንጂ ማውሱ አይደለም። ይሄንኑ ፎርሙላ ዲ2 ጻፊና የሴሉ ቀኝ ታች ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ካሬ ላይ ድብል ክሊክ ብታደርጊ አጠገቡ ያለው ኮለም እስካለቀበት ድረስ በራሱ ይሞላል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ብዛቱ! የኮለም ስፋትም ድንበሩ ላይ ድብል ክሊክ ነው፣ ቻርት ማስተካከል ደግሞ በማውስ ብቻ ነው የሚያምረኝ፣ እዚህ ላይ ኪቦርድ ፍለጋ አትድከሚ።

አጠናኑ ላይ በሳምንት አንድ ሾርትከት ይበቃል፣ ያውም በቀን አስር ጊዜ ለምትሰሪው ነገር። ድምር በቀን አስር ጊዜ የምትሰሪ ከሆነ አልት ከእኩል ይሆናል ጋር፣ ፊልተር ከሆነ ኮንትሮል ሺፍት ኤል። የረሳሽውን አልት ብቻ ተጫኝና የሚወጡትን ፊደሎች ተከተያቸው።

እንዳትደነግጪ ደግሞ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ኤፍ4 ስትይ ድምጽ ወይ የስክሪን ብርሃን ሊቀንስብሽ ይችላል፣ ኤፍኤን የሚለውን አብረሽ ተጫኝ። ቀስት ስትጫኚ ሴሉ ቆሞ ሺቱ ብቻ ከሄደ ስክሮል ሎክ በርቶ ነው። በድንገት አማርኛ መጻፍ ከጀመረ አልትና ሺፍት አብረው ተነክተው ቋንቋ ቀይረውብሻል፣ ዊንዶውስ ከስፔስ ጋር ብለሽ መልሺው።

እጅሽን በተመለከተ ቀኑን ሙሉ ይዞ መጎተቱ ሲቀንስ ሊቀልልሽ ይችላል፣ ጣትሽ የሚደነዝዝ ወይ ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ግን ሀኪም ጋ ሂጂ፣ በሾርትከት አትጠብቂው። አለቃሽ ሰው ፊት ያንን ማለቱ ልክ አይደለም። ልጅቷ ግን ምን አጠፋች፣ ሻይ ሰዓት ላይ ጠይቂያት፣ አንቺም የትኛው ቁጥር እንደማያስኬድ በአይንሽ የምታውቂውን አሳያት፣ 14 ዓመት ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ኮንትሮል ሴሚኮለን የዛሬን ቀን ያስገባል ተብዬ ሞከርኩ ግን የፈረንጅ ቀን ነው የሚያመጣው። እኛ ደረሰኝ የምንመዘግበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ በእጄ ስጽፍ ደግሞ ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ይሆንብኛል፣ ቅደም ተከተል ሳስይዘው ይዘበራረቃል። ከአዳማ።

መልስ፦ ወንድሜ ይሄ ብዙ ቢሮ ያለ ችግር ነው። ኤክሴል የጻፍከውን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ቀን ነው የሚያየው። 5/2/2017 ስትል ቀን ነው ብሎ ተቀብሎ ወደ ቀኝ ያደርገዋል፣ ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለህ ስትጽፍ ግን ፌብሩዋሪ 30 የለውም፣ ስለዚህ ተራ ጽሁፍ ነው ብሎ ወደ ግራ ይተወዋል። አንድ ኮለም ውስጥ ሁለት አይነት ነገር ተቀላቅሎ እንዴት ይደረደር!

መፍትሄው ምንም ሳትጽፍ ኮለሙን በኮንትሮል ስፔስ መምረጥ፣ ኮንትሮል 1 ብለህ ቴክስት አድርገው፣ ከዛ ዓመቱን አስቀድመህ ወርና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ጻፍ፣ 2017/02/30 ብለህ። በዚህ ኮለም ቀን መቀነስ መደመር አይቻልም፣ እሱ ካስፈለገህ የፈረንጁን ቀን በኮንትሮል ሴሚኮለን ሌላ ኮለም ላይ ያዘው። ድርደራው ግን ይስተካከላል፣ ጳጉሜ 5 እንኳን 2017/13/05 ተብላ ከነሐሴ ቀጥሎ ቦታዋን ትይዛለች።